ባለ አንድ ዓይን ወታደሮች

ባንቺዓለም የሰማችው በግድግዳው ነው። ግድግዳ ይባል እንጂ ጭቃው የረገፈ፣ በጋዜጣ የተለጣጠፈ ነገር ነው፤ ሳሎን ያለ ሰው ቢያስነጥስ ጓዳ ያለው ይማርህ ይላል። አባቷ መሪጌታ ሣህለ ማርያም ጆሯቸው ስለደከመ ስልክ የሚያወሩት ድምፁን ለቀው ነው፤ ቢቸና ውስጥ የሳቸውን ጉዳይ የማያውቅ ጎረቤት የሌለውም በዚሁ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ ኢንጂነር ምናለ ነው፣ የወታደሮቹ ባለቤት። «ለመሆኑ ማነው የሚቀባቸው መሪጌታ? ታላቅ ወንድሜ ሞጣ ላይ ሆቴል ሊከፍት ነው፣ ሠዓሊ ይፈልጋል። የስድስት ወር ሥራ ነው፣ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ፣ ማደሪያ ከነምግቡ» አለ። ባንቺዓለም የብሩሹን ጫፍ በከንፈሯ እንደያዘች ቀረች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ «ልጄ ነው፣ ፋንታ። እሱ ነው ሁለት ወር ሙሉ ያቀረቀረባቸው» አሉ። ፋንታ በዚያ ሰዓት ተኝቶ ነበር።

ወታደሮቹን ያላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። በጥምቀት ማግስት ነው ምናለ ሁለት ካርቶን ተሸክሞ የመጣው፤ ጀርመን አገር ለትምህርት ሄዶ ነበርና ከዚያ ያመጣቸው ናቸው። በየካርቶኑ አርባ አርባ የፕላስቲክ ወታደር፣ ቁመታቸው ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ጠመንጃ የያዘ፣ ከበሮ የሚመታ፣ ተንበርክኮ የሚያነጣጥር፣ ሁሉም አመድ የመሰለ። ቀለሙን የሚቀባው የገዛው ሰው ነው አሉ፤ የዚያ አገር ሰው ጊዜ እንዴት እንደተረፈው እንጃለት። ምናለና ወንድሙ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፏቸዋል፣ እንደ ሉዶ ዳይስ ይጥላሉ፣ በማስመሪያ እየለኩ ወዲያና ወዲህ ያስኬዷቸዋል፣ የተሸነፈው ቁርጥ ይጋብዛል። የልጆች አባት የሆኑ ሰዎች ናቸው እኮ። መሪጌታ ሥራውን እምቢ አላሉም። በገጠሩ ስንትና ስንት ቤተ ክርስቲያን የሳለ እጅ ነው እጃቸው፤ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ለሰው አልተናገሩም። ካርቶኖቹን ጓዳ አስገብተው ባንቺዓለም ፊት አስቀመጡና «እስቲ ሞክሪያቸው» አሏት፤ በቃ። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ደብረ ወርቅ አግብታ ልጅ አልወለደችም ተብላ የተመለሰች። በልጅነቷ ቀለም ትፈጭላቸው ነበር። ብሩሹ ግን የተሰጠው ለፋንታ ነው፣ ወንድ ነዋ፤ ፋንታም በተሰጠው ብሩሽ የአባቱን ጫማ ቀባበት።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አበላሸቻቸው። ቀለሙን እንደ በር ቀለም ደፍድፋ ቀባችው፣ ፊታቸው ሽሮ የፈሰሰበት መሰለ፣ አፍንጫና አፉ ጠፋ። በማግስቱ ደግሞ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተነሣ፤ ለካ ፕላስቲኩ ቅባት ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በኦሞ አጠበቻቸው፣ በቀጭን ነጭ ቀለም አለበሰቻቸው፣ እያንዳንዱን በጧፍ ሰም ቆርኪ ላይ አቆመችው፣ ወታደሩን ሳትነካ ቆርኪውን ይዛ እንድታዞረው። ጥላ መቀባትን ያስተማራት ስሕተት ነው። ብሩሽ ያጠበችበት ጥቁር ውሃ ተደፋባቸውና በልብሳቸው እጥፋት ገብቶ ሲደርቅ ካባው ካባ መሰለ። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጋ፣ ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው ከላይ ከላዩ ስታስነካው ደግሞ ቁልፉና ጉልበቱ ፈካ። ይህን ሁሉ ያሳያት የለም። አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩና ይሄዳሉ። ያዘዟት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ስለ ዓይን።

ዓይን የሚሳለው መጨረሻ ላይ ነው። ምናለ ካርቶኖቹን ሲያስረክብ፣ አንዱን ቀይ አንዱን ሰማያዊ ቅቡልኝ ካለ በኋላ፣ «ቀይ ካባዎቹ የኔ ናቸው፣ ሰማያዊዎቹ ጠላቶቼ ናቸው» ብሎ ስቆ ነበር። መሪጌታ ግን አልሳቁም። በሳቸው ሙያ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው፣ ከሃዲው፣ አሳዳጁ ወታደር በጎን ነው የሚሳለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እየታየ። «ለሰማያዊዎቹ አንድ አንድ ዓይን» አሏት። «እነዚህ እኮ ግድግዳ ላይ አይደሉም አባባ፣ ሰው በፈለገው በኩል ዞሮ ያያቸዋል» ብትል «ቀኙን የቆዳ ቀለም አድርጊውና ተይው» አሉ። በሙያቸው አይነኬ ናቸው። አርባውንም እንደታዘዘችው አደረገች፤ በመርፌ ጫፍ ነጭ ጠብታ፣ በነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ በቀኝ በኩል ምንም።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ መሪጌታ ወደ ጓዳ ገቡ። አላየቻቸውም፣ አላዩዋትም። «ቫርኒሽ ቀረ?» አሉ። «ቀረ» አለች። ሃምሳ ብር አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡ። «ስምንት ሰዓት ይመጣሉ። ወንድምየውም አብሮ ነው።» ተናግረው አልወጡም። የሰማች መሆኗን ያውቃሉ፣ ማወቃቸውንም ታውቃለች፤ ጓዳዋ ደግሞ አልጋና ሳንቃ ብቻ የሚይዝ ስለሆነ ዓይን የሚያሳርፉበት ሌላ ነገር የለም። «ቀዮቹ አምረዋል» አሉ በመጨረሻ። በሁለት ወር ውስጥ አንድ ቀን አምሯል ብለው አያውቁም፣ ዛሬን መረጡ። ወጡ። ባንቺዓለም ስልኩን ስትሰማ በልቧ ሞጣ ደርሳ ነበር፤ ገንዘቡ ይቅር፣ እሷ ያሰበችው ክፍሉን ነው። ከውስጥ የሚቆለፍ በር ያለው ክፍል። ከባሏ ቤት ከወጣች አምስት ዓመት፣ ይህ ጓዳ መጋረጃ እንጂ በር የለውም፤ የወንድሟ ሚስት ይርጋነሽ ሽንኩርት በፈለገች ቁጥር ሳታንኳኳ ትገባለች።

ግቢ ስትወጣ ይርጋነሽ የፋንታን ነጭ ሸሚዝ በከሰል ካውያ ትተኩሳለች። ወሬውን የሰማችው ከጎረቤት ቀድማ ነው። «እትዬ፣ የሞጣ ሌሊት ይበርዳል ይላሉ፣ ጋቢሽን ለፋንታ ታውሽው ይሆን?» አለች፣ ከሸሚዙ ቀና ሳትል። «ይውሰደው» አለች ባንቺዓለም፤ «ጋቢዬ ሥራ ሠርቶ አያውቅም፣ ይስማማሉ።»

ቫርኒሽ የሚሸጠው አብዱራዛቅ ሱቅ ነው፣ ሚስማርና ቆርቆሮም እዚያው። አብዱራዛቅ ዕቃ ሊያመጣ ስለወጣ ባንኮኒው ላይ ያለችው ሚስቱ ሀሲና ናት፤ ሀሲና ደግሞ አንድ ጣሳ ስትሸጥ የሦስት ሰው ታሪክ መራቂ ትሰጣለች። «ትንሿ ጣሳ አርባ አምስት ገብታለች እህቴ፣ እኔን አትይኝ። ለማን ነው ደግሞ?» ባንቺዓለም ለምናለና ለሞጣው ወንድሙ እንደሆነ ነገረቻት። ሀሲና መወልወያውን አስቀመጠች። «ለታላቅየው ለታዘበው? ትናንት ገብቶ የለ እንዴ፣ እህቱ ቤት ነው ያደረ። ጠዋት እዚህ ቆሞ የቆርቆሮ ዋጋ ሲጠይቅ ነበር፣ በዚያ በጥቁር መነጽሩ። ምስኪን፣ ቤት ውስጥም አያወልቀውም። ቀኝ ዓይኑን እኮ መንገድ ሲሠሩ የፈነዳ ድንጋይ ነው የወሰደበት፣ አልሰማሽም?» ባንቺዓለም አልሰማችም። ጣሳውን ይዛ ቆመች። «የፊተኛውን ሠዓሊ ያባረረው እኮ በዚሁ ነው። ሆቴሉ በር ላይ አንበሳ ሣል ይለዋል፣ ልጁ አንበሳውን በጎን ይሥለዋል፣ በጎን ሲሆን ያው አንድ ዓይን ነው። ሰውየው ሞጣ ሁሉ የሳቀበት መሰለው። ሰው ፊት አስፍቆት፣ ልብሱን ደጅ አውጥቶ ሸኘው። ለአንበሳ ነው እንግዲህ። በይ መልስሽን ያዢ፣ አምስት ብር።»

መልሱን ይዛ አልወጣችም፤ ሀሲና እስከ ደጅ ተከትላ ነው እጇ ላይ ያስቀመጠችላት። ከሱቁ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ ነው፣ ዛሬ ረዘመባት። አርባ ሰማያዊ ወታደሮች፣ ሁሉም ቀኝ ዓይን የላቸውም። ምናለ ጠላቶቼ ያላቸው የዚህ የወንድሙ ናቸው። ስምንት ሰዓት ላይ ያ ሰው ይመጣል፣ ፋንታ በተተኮሰ ሸሚዝ እኔ ነኝ ይላል፣ ሰውየው አንዱን ያነሣል። መጀመሪያ የመጣላት ነገር ደስታ ነበር፣ ምን ይደበቃል። የኔ ነው ያለ ይብላው አለች በሆዷ። ባጃጅ ጥሩንባ ሲነፋባት ነው መንገዱ መሐል መቆሟን ያወቀች።

ጓዳ ስትገባ ፋንታ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ አንዱን ቀይ ወታደር አንገቱን ይዞ ያገላብጣል። «በቆርኪው ያዘው» አለችው። ያዘ። መጥፎ ልጅ አይደለም ፋንታ፣ ፑል ቤት የሚውል፣ ሲሰጡት የሚቀበል ዓይነት ነው። «እትዬ፣ አባባ ያለውን ሰምተሻል አይደል። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው። ግን ይሄ የልብሱ ጥላ እንዴት ተሠራ ቢሉኝ ምን ልበል?» «ውሃ ተደፍቶብኝ ነው በላቸው።» «አታሹፊ እንጂ።» «እውነቴን ነው።» ተናዶ ተነሣ። መጋረጃው ጋ ሲደርስ «ስለ ዓይኑስ አትጠይቀኝም?» አለችው። «ዓይን ምን አለው፣ ዓይን ዓይን ነው» ብሎ ወጣ።

ከሄደ በኋላ ሳንቃው ፊት ተቀመጠች። ለፋንታ ብላ ቢሆን መርፌዋን አታነሣም ነበር። ግን ቀኙን ተይው ያሉት አባቷ ናቸው። ሰውየው መጮህ ከጀመረ ፋንታ ከማን ተማርክ መባሉ አይቀርም፣ ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ነው፣ የስድሳ ዓመት ሙያ በአንድ ከሰዓት ይፋቃል። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። የመጀመሪያውን ሰማያዊ አነሣች። በደረቀ የቆዳ ቀለም ላይ አዲስ ዓይን መክፈት በባዶ ፊት ላይ እንደመሳል አይደለም፤ ነጩ ጠብታ ይንሸራተታል፣ ጥቁሩ ነጥብ ከግራው ጋር ካልተስማማ ወታደሩ ሸውራራ ይሆናል። አራተኛው ሸውራራ ሆነ። ጠርጋ ደገመችው። መስኮቱ ሥር የጎረቤት ሬዲዮ ያወራል፣ ይርጋነሽ ሳሎኑን ትጠርጋለች፣ ከጠረጴዛው ላይ የሚነሣው አቧራ በመጋረጃው ሥር ገብቶ እርጥቡ ዓይን ላይ ያርፋል። ተይ እንዳትል ለምን ልትባል ነው። ትንፋሿን ይዛ ነጥብ ታደርጋለች፣ ትለቃለች፣ ሌላውን ታነሣለች።

ሰባት ሰዓት ላይ መሪጌታ መጋረጃውን ገለጡ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ ነበረች። «ለጠላት ሁለት ዓይን የምትሰጪው ለምንድን ነው?» አሉ። ቀና ሳትል ነገረቻቸው፤ የሰውየውን ዓይን፣ ድንጋዩን፣ አንበሳውን። ከዚያ አልጋው ላይ ተቀመጡና ቆርኪዎቹን በመዳፋቸው ሳንቃው ላይ እየገፉ ያቀርቡላት ጀመር፤ በጣታቸው ቢያነሡ ይወድቃልና በመዳፍ፣ እያንሸራተቱ። እሷ ትሥላለች፣ እሳቸው አንዱን ያቀርባሉ፣ የደረቀውን ይገፋሉ። አባትና ልጅ እንዲህ ጎን ለጎን ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሀያ አምስተኛው ላይ «ፋንታ ነው ያሉት ለምንድን ነው አባባ?» አለች። መዳፋቸው ቆመ። «ይሄኛው አልደረቀም» አሉ፣ «ቆይ አትንኪው።»

ሠላሳ አንደኛውን ስትጨርስ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። ዘጠኝ ቀርተዋል። ቫርኒሹ አልተከፈተም። አባቷ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፣ ፋንታ ገብቶ ሳንቃውን ከነወታደሮቹ ሊሸከም ሲል ዘጠኙን ከኋላ ረድፍ፣ ከበሮ መቺዎቹ ጋ አሰለፈቻቸው። «ከኋላ ያሉትን አታስነካ» አለችው። «ለምን?» ለማለት ጊዜ አልነበረውም። ከመጋረጃው በስተጀርባ ቆማ ቀረች፣ ጣቶቿን ነጭና ጥቁር ቀለም እንደነካቸው።

ታዘበው ግዙፍ ነው፣ ድምፁ ግን ዝግ ያለ። ጾም ስለሆነ የሚቀርብ ነገር የለም፣ ወሬም አልበዛም፤ የመንገዱ አቧራ፣ የሲሚንቶ ዋጋ፣ የእህቱ ጤና። ምናለ ቀዮቹን እያነሣ «እዩት ይሄን፣ ቁልፉን እዩት» ይላል። ታዘበው ከሰማያዊዎቹ ፊት ረድፍ አንዱን አነሣ፣ ወደ ግራ ዓይኑ አስጠግቶ አየ። «ጎበዝ ነህ» አለው ፋንታን። ሁለተኛውን አነሣ። «እጅህ ጥሩ ነው።» ፋንታ አንገቱን ሰበረ። ይርጋነሽ በር ላይ ሆና ፈገግ አለች። ከዚያ የሰውየው እጅ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከበሮ መቺ ይወዳል፣ ጦርነቱን የሚጀምረው በነሱ ነው አሉ። አንዱን አነሣ። ቆየበት። አስቀመጠና አጠገቡ ያለውን አነሣ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኙንም ለቅሞ ከፊቱ ደረደራቸው። መነጽሩን አወለቀ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለ።

ምናለ አንገቱን አስግጎ አየና ፊቱ ተለወጠ። ፋንታም አየ፣ ገና አሁን ማየቱ ነው። «እኔ አይደለሁም ጋሼ» አለ። «እነሱን እህቴ ናት… ሁሉንም እህቴ ናት። እኔ አንዱንም አልነካሁም።»

ባንቺዓለም መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። «እውነቱን ነው፣ ሰማንያውንም እኔ ነኝ። በኛ ቤት ጠላት ሲሣል ባንድ ዓይን ነው። ሰማያዊዎቹ ጠላት መሆናቸው ነው የተነገረን፣ የማን መሆናቸው አልተነገረንም። ዛሬ ረፋድ ላይ ስለርስዎ ሰማሁና ሁለተኛውን ዓይን ልጨምር ተቀመጥኩ። ዘጠኙ አልደረሱልኝም።» ማን እንዳዘዛት አልተናገረችም።

ታዘበው እሷን ትቶ ወደ ወንድሙ ዞረ። «ጠላት?» አለ።

«ለጨዋታው ነው እኮ ጋሼ።»

«የባሕር ዳሩን መሬት ስንካፈልም ለጨዋታ ነው ብለህ ነበር» አለ። ምናለ ቀዩን ወታደሩን አስቀመጠ። ታዘበው ዘጠኙን በጣቱ አንድ በአንድ አስተካከላቸው። «ያንን አንበሳ የሣለውን ልጅ ለምን እንዲህ አደረግኸው ብዬ ብጠይቀው መሬት መሬት አየ። እኔ ያባረርኩት ለዚያ ነው።» ቀና ብሎ መሪጌታን አያቸው። «ጠዋት ለወንድሜ በስልክ ፋንታ ነው ብለውታል። ፋንታ ደግሞ እኔ አይደለሁም ይላል። ሴትዮዋ እኔ ነኝ ትላለች። እንግዲህ የምወስደውን ሰው ከርስዎ አፍ ልስማ።»

መሪጌታ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገብተዋል። ፋንታ ያያቸዋል፣ ይርጋነሽ ታያቸዋለች፣ ባንቺዓለም ግን አላየቻቸውም፤ ወለሉን ነው ያየች። እሱ ነው ብለው ቢደግሙት አዲስ ነገር አይሆንባትም። ምናለ ሰዓቱን አየ።

«እሷ ናት» አሉ። «ፋንታ ብሩሽ አይዝም። አንድ ዓይን አድርጊያቸው ያልኳትም እኔ ነኝ።» እጃቸውን ከነጠላው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አሳረፉት፤ ሁሉም እየተንቀጠቀጠ አየው። «ፋንታ ነው ያልኩት እሱ ቢሄድ አልጎዳም ብዬ ነው። እሷ ከሄደች ግን የሚያጎርሰኝ የለም። ይሄ እጅ ከገበታ አፌ አይደርስም፣ ሁለት ዓመት ሆነው።»

ይርጋነሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መሪጌታ ከሰው ጋር መብላት ትተው ገበታቸው ጓዳ የሚገባላቸው ለክብራቸው ነው ብላ ለሠፈሩ ሁሉ ያወራች እሷ ናት። ታዘበው መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ተሰናድተሽ ሞጣ ለመምጣት ስንት ቀን ይበቃሻል?» አላት ባንቺዓለምን። «እስከ ሰኞ» አለች። «ዘጠኙንም እስከዚያ እጨርሳቸዋለሁ።» «እነሱን እንዳትነኪ» አለና ዘጠኙን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኮት ኪሱ ከተታቸው። የተረፉትን ምናለ በካርቶን ተሸክሞ ተከተለው። እስከ መኪናው ድረስ አልተነጋገሩም።

ማታ ሽሮው ሲቀርብ ባንቺዓለም ገበታውን ጓዳ አላስገባችም፤ ሳሎን አስቀመጠችው። «ፋንታ፣ እጅህን ታጠብ» አለች። ታጠበ፣ ያን የተተኮሰ ሸሚዝ ክንዱ ድረስ ጠቅልሎ። የመጀመሪያው ጉርሻ ትልቅ ሆነና አባታቸውን ሊያንቃቸው ነበር። ሁለተኛው መንገድ ላይ ተፈታ፣ ሽሮው ነጠላቸው ላይ ወረደ። ይርጋነሽ ጨርቅ ልታመጣ ተነሣች፣ ባንቺዓለም በዓይኗ አስቀመጠቻት። ፋንታ ላብ አሰመጠው። «እትዬ፣ አንቺው አጉርሺው በናትሽ» አለ። መሪጌታ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ቆራቢ። ባንቺዓለም እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። አላነሣቻቸውም።